የኮሌጅ ተማሪና የጦር መኰንንነት፤ ከሆለታ እስከ ብላቴ

ከሶዶ ከተማ በላይ፥ በዳሞታ ተራራ ትከሻ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው፥ የእንሰቱና የበቆሎው ማሳ ደረጃ በደረጃ ወደ ቆላ ሲወርድ፥ ከማሳውም ወዲያ የዓባያ ሐይቅ ተንጣሎ ይታየዋል። በዚህ ቆላ ውስጥ ከጉራጌ ተራሮች የሚነሣው የብላቴ ወንዝ በሐላባ በኩል አልፎ፥ ወላይታንና ሲዳማን እያዋሰነ ወርዶ ወደ ሐይቁ ይገባል። አገሩ ሙቀት የበዛበት፥ ወባም የማይለየው ነው። ይሁን እንጂ የብላቴ ስም በአገራችን በተማሩ ሰዎች ዘንድ ይበልጥ የሚታወሰው በወንዙ ምክንያት አይደለም። በ1983 ዓ. ም. የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ተማሪዎች ደብተራቸውን ዘግተው የጦር ትምህርት ይማሩ ዘንድ ወደዚህ ቆላ ስለ ወረዱ ነው።

ይህ ነገር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በሐዘን ወይም በቀልድ ነው። እኛ ግን በሁለቱም መንገድ ሳንሄድ፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ለመመርመር አስበናል። ምክንያቱም የብላቴ ታሪክ ብቻውን የቆመ አይደለም። ከዚያ በፊት ግማሽ ምዕት ዓመት ሲቀረው የተጀመረ አንድ ረዥም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ለትምህርት የተቀመጠውን ወጣት የጦር መኰንን ማድረግ ተገቢ ነውን? ተገቢስ ከሆነ በምን ዓይነት ሥርዓት? የሚለው ነው። ጥያቄው በቢሮ የሚሠራውን ሹም፥ በሰሌዳ ፊት የሚቆመውን መምህርና በወንበር ላይ የተቀመጠውን ተማሪ እኩል የሚነካ ስለ ሆነ፥ አንባቢ በትዕግሥት እንዲከተለን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ሌሎች አገሮች ያደረጉትን ባጭሩ እንይ። የአሜሪካ መንግሥት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1862 ባወጣው ሕግ ለየክፍላተ ሀገሩ መሬት ሰጥቶ የእርሻና የእጅ ጥበብ ኮሌጆች እንዲቋቋሙ ሲያደርግ፥ ከሚሰጠው ትምህርት ጋር የጦር ስልት ትምህርትም እንዲጨመርበት አዘዘ። በ1916 ደግሞ ይህ ልማድ በሌላ ሕግ ተጠናክሮ፥ ተማሪው የኮሌጅ ትምህርቱን ሳያቋርጥ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት የጦር ትምህርት እየተማረ፥ በበጋ የዕረፍት ወራት በሰፈር እየሠለጠነ፥ በመጨረሻው ዲግሪውንና የመኰንንነት ማዕረጉን በአንድነት የሚቀበልበት ሥርዓት ተመሠረተ። እንግሊዞችም በ1908 በዩኒቨርሲቲዎቻቸው ተመሳሳይ የማሠልጠኛ ክፍሎች አቋቋሙ። ሕንድ ነፃነቷን ባገኘች በዓመቱ፥ በ1948፥ ለተማሪዎች ብሔራዊ የካዴት ድርጅት በሕግ መሠረተች። እነዚህ ሁሉ በዝርዝራቸው ይለያያሉ። አንድ የሚያደርጋቸው ግን ጊዜ መስጠታቸው ነው። ጦርነት ሳይመጣ በፊት ተማሪው ቀስ እያለ ይዘጋጃል፤ ትምህርት ቤቱም አይዘጋም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ. ም.፥ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ደግሞ በ1917 ዓ. ም. ከተከፈቱ ወዲህ፥ የውጭ አገር ቋንቋ የሚያውቅ፥ ካርታ የሚያነብ፥ ሒሳብ የሚሠራ ወጣት ቁጥሩ ጥቂት ቢሆንም መገኘት ጀምሮ ነበር። ከነዚህም አንዳንዶቹ ወደ ፈረንሳይ አገር ተልከው በሳን ሲር የጦር ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1927 ዓ. ም. በወልወል የተነሣው ግጭት የኢጣልያን ሐሳብ ግልጽ ባደረገበት ጊዜ፥ በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። አስተማሪዎቹ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኰንኖች ነበሩ። ተማሪዎቹም በአብዛኛው ከዳግማዊ ምኒልክና ከተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤቶች የተወሰዱ ነበሩና፥ ትናንት ሰዋስው ሲያጠኑ የነበሩት ልጆች ዛሬ የመትረየስ አያያዝ ተማሩ።

ሐሳቡ መልካም ነበር። ጊዜው ግን አልበቃም። የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ. ም. ወሰን ጥሶ ሲገባ፥ የሆለታ ዕጩ መኰንኖች ትምህርታቸውን ከጀመሩ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ከሆነ በኋላ፥ የጠላት የመኪና ሠራዊት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ፥ በመንገዱ ላይ ቆሞ ሊያዘገየው የሚችል የተደራጀ ኃይል ሲታጣ፥ እነዚህ ወጣቶች ወደ ጣርማ በር ተላኩ። ገና ማዕረጋቸውን በወጉ ያልተቀበሉ ተማሪዎች በዚያ ቀዝቃዛ ተራራ ላይ ተሰልፈው ከታላቅ ሠራዊት ጋር ገጠሙ። የሚቻላቸውን አደረጉ፤ ነገር ግን የተራራውን በር ለረዥም ጊዜ ዘግተው ሊይዙ አልቻሉም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ. ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

የሆለታ ተማሪዎች ታሪክ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ፥ በችኰላ የተዘጋጁ ልጆች ያለ ፍሬ የተሠዉበት ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ዳሩ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር የተማረ ወታደር ምን ማለት እንደ ሆነ ያስረዳናል። ከነዚህ ዕጩ መኰንኖች ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ ሄደው በነቀምቴ ከሌሎች ምሁራን ጋር ተገናኙና በሰኔ 1928 ዓ. ም. የጥቁር አንበሳን ማኅበር መሠረቱ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ሲሆኑ፥ እርሳቸውም በእንግሊዝ አገር የተማሩ የከብት ሐኪም ነበሩ። ከሳን ሲር የተመለሱት ክፍሌ ነሲቡና ከሆለታ የወጡት በላይ ኃይለአብም ከማኅበሩ ታላላቅ ሰዎች ይቈጠራሉ። በዚያው ወር በነቀምቴ አጠገብ በቦናያ ሦስት የኢጣልያ አውሮፕላኖች ባረፉ ጊዜ፥ የማኅበሩ ወጣቶች በሌሊት ከበው አቃጠሏቸው። ከሞቱትም መካከል የአየር ኃይሉ ጄኔራል ማሊዮኮ ነበረ።

ከቦናያው ድል ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን ግን ማኅበሩ ያወጣው ባለ ዐሥር አንቀጽ ደንብ ነው። በዚያ ደንብ ውስጥ የጦሩ ሥልጣን ከሲቪሉ ሥልጣን በታች እንዲሆን፥ ባላገሩም እንዳይበደል፥ ምርኮኛም እንዳይሠቃይ ተወስኖ ነበር። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር ልብ በል። መንግሥት በፈረሰበት፥ ዋና ከተማ በተያዘበት፥ ስንቅና ጥይት በጠፋበት በዚያ ክረምት፥ ጠመንጃ የያዙ ወጣቶች ጠመንጃ የሌለው ሰው እንዲያዛቸው ፈርመዋል። ይህን ሐሳብ ከመትረየስ ትምህርት ብቻ አላገኙትም። ከትምህርት ቤት ወንበር፥ ከታሪክና ከሕግ ንባብ ይዘውት የመጡት ነው። የተማረ መኰንን ጥቅሙ ካርታ በማንበቡ ብቻ ሳይሆን፥ መሣሪያውን ለምንና በማን ፈቃድ እንደሚያነሣ በማወቁ መሆኑን የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ምስክር አናውቅም።

ዋጋውም ከባድ ሆነ። ማኅበሩ ልዑል ራስ እምሩን መሪው አድርጎ ወደ ደቡብ ምዕራብ ከዘመተ በኋላ፥ በታኅሣሥ 1929 ዓ. ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ በጠላት ተከበበና እጁን ሰጠ። የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ፥ ፋሺስቶች የተማረውን ወጣት እየለዩ ሲገድሉ፥ ከጥቁር አንበሳ አባሎች ብዙዎቹ በዚያ እልቂት አለቁ። አገሪቱ ከነፃነት በኋላ ሹም፥ መምህርና ሐኪም ስትፈልግ የጐደለባት ሰው እነርሱ ነበሩ። እንግዲህ ተማሪን ወደ ጦር ሜዳ መላክ የነገውን እህል ዘር አውጥቶ እንደ መብላት ነው። ረኃቡ ሲጸና ይደረግ ይሆናል፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ክረምት የሚዘራ ነገር እንደማይኖር አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከነፃነት በኋላ መንግሥት ይህን ትምህርት አልረሳም። ሆለታ እንደገና ተከፈተ፤ ለክብር ዘበኛ የስዊድን አስተማሪዎች መጡ፤ በቢሾፍቱ የአየር ኃይል፥ በምፅዋ የባሕር ኃይል ትምህርት ቤቶች ቆሙ። በ1950 ዓ. ም. ደግሞ በሐረር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር አካዳሚ ሥራውን ጀመረ። አስተማሪዎቹ የሕንድ መኰንኖች፥ የትምህርቱም ዘመን ሦስት ዓመት ነበር። ወደ አካዳሚው የሚገቡት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የጨረሱ፥ በሌላ አኳኋን ቢሆን ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሊገቡ የሚችሉ ወጣቶች ነበሩ። ከጦር ትምህርቱ ጋር የቀለም ትምህርትም ይማሩ ስለ ነበር፥ ምክትል መቶ አለቃ ሆነው ሲወጡ ብዕሩንም ሰይፉንም የያዙ ናቸው ይባልላቸው ነበር። ሆለታ ግን ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው ከሠራዊቱ ውስጥ የሚመረጡትን ሰዎች ባጭር ጊዜ አሠልጥኖ ማዕረግ የሚሰጥ ቤት ሆነ። በሁለቱ ቤቶች ምሩቃን መካከል የነበረው መናናቅና ፉክክር በኋላ በአገሪቱ ታሪክ ላይ ጥላውን ሳይጥል አልቀረም።

የተማረ ሰውና ጦር ሲገናኙ ምን ሊወለድ እንደሚችል በታኅሣሥ 1953 ዓ. ም. ታየ። በዚህም ነገር ውስጥ የወላይታ ስም አለበት። አቶ ገርማሜ ንዋይ በአሜሪካ አገር በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ከተመለሱ በኋላ፥ በወላይታ አውራጃ ገዥነት ተሹመው በሶዶ ተቀምጠው ነበር። በዚያም ባልለማ የመንግሥት መሬት ላይ መሬት የሌለውን ባላገር ለማስፈር ስለ ሞከሩ፥ ባለ ርስቶቹ አቤቱታ አቀረቡባቸውና ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ። ታላቅ ወንድማቸው ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የክብር ዘበኛ አዛዥ ነበሩ። ታኅሣሥ 4 ቀን ወንድማማቾቹ የመንግሥት ግልበጣ ሲሞክሩ፥ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በሁለተኛው ቀን ማግሥት በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ወጥተው ድጋፋቸውን ገለጡ። ሙከራው በጥቂት ቀን ውስጥ በብዙ ደም ከሸፈ። አንዱ ወንድም በሽሽት ላይ ሞቱ፤ ሁለተኛው በመጋቢት ወር ተሰቀሉ። የሐሳባቸውን ትክክለኛነት ወይም ስሕተት የሚመረምረው ሌላ ጽሑፍ ነው። ለእኛ ነገር የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፤ የጥቁር አንበሳ ደንብ ጠመንጃውን ከሐሳብ በታች አድርጎ ነበር፤ በ1953 ዓ. ም. ግን ሐሳቡ ራሱ ጠመንጃ ፍለጋ ሄደ።

ከዚህ በኋላ ተማሪው ለአገሩ የሚሰጠው አገልግሎት በሌላ መንገድ ተሞከረ። ከ1957 ዓ. ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትምህርቱን ሳይጨርስ አንድ ዓመት ወደ ክፍላተ ሀገር ሄዶ እንዲያገለግል ተወሰነ። አብዛኛዎቹም በየአውራጃው ትምህርት ቤት አስተማሩ። በ1967 ዓ. ም. ደግሞ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ታውጆ፥ ስድሳ ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወረዱ። የመጀመሪያው ፊደል ይዞ፥ ሁለተኛው የመሬት አዋጅ ይዞ የሄደ ነበር እንጂ ሁለቱም የጦር ትምህርት አልነበሩም። ሆኖም ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው በአንድ ትእዛዝ ሊዘምት እንደሚችል ያን ጊዜ ተለመደ። ልማድ ደግሞ አንዴ ከገባ ለሚቀጥለው ትእዛዝ መንገድ ይጠርጋል።

የሚቀጥለውም ትእዛዝ መጣ። በ1975 ዓ. ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነውን ዜጋ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ግዴታ ጣለበት። ጦርነቱ ግን በሰሜን እየበረታ ሄደ። በየካቲት 1981 ዓ. ም. ሠራዊቱ ሽሬን አጥቶ ትግራይን ለቀቀ፤ በየካቲት 1982 ዓ. ም. ምፅዋ ተያዘች። በዚህ መካከል ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ. ም. ከፍተኛ መኰንኖች የሞከሩት የመንግሥት ግልበጣ ስለ ከሸፈ፥ ጦሩ በብዙ ዓመት ትምህርትና ልምድ የበሰሉ መሪዎቹን በአንድ ጊዜ አጣ። በግንቦት 1982 ዓ. ም. ዐሥራ ሁለት ጄኔራሎች ተረሸኑ። አንድን ጄኔራል ለማብሰል ከሃያ ዓመት በላይ ያስፈልጋል። ለማጥፋት ግን የአንድ ሌሊት ፍርድ ይበቃል።

እንግዲህ በ1983 ዓ. ም. በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት፥ ጎንደርና ጎጃም ከእጅ ሲወጡ፥ መንግሥት ዓይኑን ወደ ዩኒቨርሲቲ አዞረ። የፊዚክሱ፥ የሕጉ፥ የሕክምናው፥ የእርሻው ተማሪ ትምህርቱን አቋርጦ በአውቶቡስ ተጭኖ ወደ ደቡብ ወረደና በብላቴ የጦር ማሠልጠኛ ገባ። ከደጋው ቤተ መጻሕፍት ወጥቶ ወደዚያ ወበቅ የወረደው ወጣት፥ በጠዋት ተነሥቶ ሰልፍ ይማራል፤ የጠመንጃን አካል መፍታትና መግጠም ይለማመዳል፤ ማታ ደግሞ ከወባ ትንኝ ጋር ይታገላል። አዋጁንና ጥሪውን ያቀረቡት ፕሬዚዳንት ኰሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ራሳቸው የሆለታ ምሩቅ ነበሩ። በ1928 ዓ. ም. የሆለታ ልጆች ለጣርማ በር የበቁት በጥቂት ወራት ትምህርት እንደ ነበር አስቀድመን አይተናል። ለብላቴ ልጆች የተሰጣቸው ጊዜ ከዚያም ያነሰ ነበር።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ. ም. ፕሬዚዳንቱ አገር ለቀው ወደ ዚምባብዌ መሄዳቸው በራዲዮ ተነገረ። ተማሪዎቹን ወደዚያ ቆላ የጠራቸው ሰው ሄደ፤ እነርሱ ግን በዚያው ነበሩ። የሚያዝዝም የሚያሰናብትም በቅጡ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሠልጣኞቹ ተበታተኑ። አንዳንዱ ወደ ወላጆቹ ቤት የሚወስደውን መንገድ ፈለገ። እጅግ ብዙዎቹ ግን ወደ ደቡብ፥ ወደ ኬንያ ጠረፍ ፊታቸውን አዞሩ። ከብላቴ አካባቢ እስከ ሞያሌ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የዲላ የቡና ጥላ ካለቀ በኋላ በያቤሎና በሜጋ በኩል የሚያልፈው የቦረና አገር ውኃው የራቀ፥ ፀሐዩ የበረታ ነው። ይህንን መንገድ ትናንት በመማሪያ ክፍል የነበሩ ወጣቶች አብዛኛውን በእግራቸው ተጓዙት። ግንቦት 20 ቀን አዲስ አበባ በኢሕአዴግ ጦር እጅ ስትገባ፥ ከአገሪቱ የተመረጡ ተማሪዎች ከፊሎቹ በባዕድ አገር መሬት ላይ በስደተኛነት ተቀምጠው ነበር። ከዚያም ብዙዎች ተመልሰው ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ያልተመለሱትም ነበሩ፤ በየአገሩ ተበትነው ሌላ ኑሮ ጀመሩ።

አሁን የሆለታንና የብላቴን ነገር አነጻጽረን እንፍረድ። ሁለቱም በችኰላ የተደረጉ ናቸው፤ ሁለቱም በመንግሥት መጨረሻ ሰዓት የመጡ ናቸው። ነገር ግን አንድ ታላቅ ልዩነት አላቸው። የሆለታው ተማሪ ጠላቱ የውጭ ወራሪ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ መሪው ሲጠፋ ዓላማው አልጠፋበትም፤ ስለዚህ ትእዛዝ የሚሰጠው ሳይኖር በነቀምቴ ራሱን አደራጀ። የብላቴው ተማሪ ግን በወንድማማቾች ጦርነት መካከል የገባ ነበር፤ ከወዲያኛውም ወገን የትምህርት ቤት ጓደኛው ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ጠሪው ሲጠፋ ጥሪውም አብሮ ጠፋ። ይህ የተማሪውን ፈሪነት የሚያሳይ አይደለም። አራት መቶ ኪሎ ሜትር በቦረና በረሃ የተጓዘን ወጣት ፈሪ ብሎ የሚጠራ ሰው ራሱ መንገዱን ሄዶ ይሞክረው። የሚያሳየውስ፥ ልብ ያላመነበትን ነገር እግር በትእዛዝ ብቻ እንደማይሸከም ነው።

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገሮች እንማራለን። አንደኛ፥ የተማረ መኰንን ለአገር ያስፈልጋል፤ ነገር ግን በሰላም ጊዜ፥ በዓመታት ትዕግሥት፥ እንደ ሐረሩ አካዳሚ በተወሰነ ሥርዓት ነው እንጂ፥ ጠላት በር ላይ ከደረሰ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ዘግቶ አይደለም። ሁለተኛ፥ ለመኰንንነት የሚሠለጥን ተማሪ ከመሣሪያ ትምህርት ይልቅ የሕግና የታሪክ ትምህርት እንዲጐድልበት አይገባም፤ የጥቁር አንበሳ ዐሥር አንቀጽ የተወለደው ከዚያ ነውና። ሦስተኛ፥ ወጣቱን የሚጠራ ሰው አብሮት የሚቆም መሆን አለበት። ከሦስቱ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ምክንያቱም በአዋጅ ሊጻፍ አይችልም።

የወላይታ ሕዝብ ጦርነት ምን እንደ ሆነ ከማንም ያነሰ አያውቅም። በ1887 ዓ. ም. ካዎ ጦና ከዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ጋር ያደረጉትን ጦርነትና የሕዝቡን እልቂት አባቶች ለልጆች ሲነግሩ ኖረዋል። በዚያች በሶዶ ከተማ ከ1999 ዓ. ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ቆሟል። ከየክፍሉ የመጡ ወጣቶች በዳሞታ ግርጌ ይማራሉ፤ ከነርሱ ብዙዎቹ በ1983 ዓ. ም. ገና አልተወለዱም ነበር። በመስኮታቸው በኩል የሚታየው የብላቴ ቆላ ለእነርሱ የሙቀትና የበቆሎ አገር ነው። እንዲህ መሆኑ መልካም ነው። ነገር ግን በዚያ ቆላ የሆነውን መምህራኖቻቸው ቢነግሯቸው፥ በሥልጣን ላይ ያለነውም ብናስታውሰው ይበጃል። ያ ትውልድ ብላቴ ሲወርድ የዘጋውን ደብተር ከፍቶ የቀጠለ አለ፤ ሳይከፍተው የቀረም አለ። የሚመጣው ትውልድ ደብተሩን ለመዝጋት ከመጠየቁ በፊት፥ ጠያቂው የዚያን ያልተከፈተ ደብተር ዋጋ አስቀድሞ ሊያሰላ ይገባዋል እንላለን።